ሳይለኩ «አይሞቅም» ማለት ሳይንስ አይደለም



ባለፈው ሳምንት ከላቦራቶሪ ወጥተን ሻይ እየጠጣን ሳለን ከመካከላችን አንዱ ስለ ቀዝቃዛው የኑክሌር ውህደት ጥያቄ አነሣ። አብረውን የነበሩት መምህር፣ እኔም ከልቤ የማከብራቸው ሰው፣ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ እሱ ነገር እኮ በ1989 ሞቶ ተቀብሯል፤ ተዝካሩም ወጥቷል» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ማታ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ሳስበው ግን ሳቄ አሳፈረኝ፤ ምክንያቱም ከሳቅነው ሰዎች መካከል ሬሳውን ያየ አንድም አልነበረም። አንዱ ከመምህሩ ሰምቷል፤ መምህሩም ከመጽሐፍ አንብቧል፤ የመጽሐፉ ጸሐፊም ከሌላ ጸሐፊ ወስዷል። በዚህ ዓይነት የሚተላለፈውን ነገር አያቶቻችን ወሬ ይሉት ነበር፤ እኛ ግን ዲግሪ ስለምንጠብቅ ሳይንስ ብለነዋል።

አንባቢ እንዳይሳሳት አስቀድሜ ልናገር። ይህን የምጽፈው ቀዝቃዛው ውህደት እውነት ነው ለማለት አይደለም። ተወራረድ ብባል «አይሞቅም» ከሚሉት ወገን እቆማለሁ። ክርክሬ ሌላ ነው፤ በአርባ ምንጭ የተቀመጥን የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሰዎች ያን ሙከራ ራሳችን ሠርተን ሳንለካ «አይሞቅም» የሚለውን ቃል ከሌላ ሰው ተበድረን ለመናገር መብት የለንም ነው የምለው። ይህንንም ሙከራ ሊሠራ የሚገባው ሰው አማኙ አይደለም፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጠራጠረው መምህር ነው።

(የማወሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የማኅበራችን ስቴንስል ሁለቱንም ለማስፈር ቦታ የለውም።)

ነገሩን ከመነሻው እንየው። ማርች 23 ቀን 1989 በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ሁለት የኤሌክትሮኬሚስትሪ ሊቃውንት፣ ማርቲን ፍላይሽማንና ስታንሊ ፖንስ፣ ጋዜጠኞችን ሰብስበው አንድ ዜና አወጁ። በመስታወት ዕቃ ከባድ ውሃ ጨምረን፣ የፓላዲየም ዘንግና የፕላቲነም ሽቦ ነክረን፣ የኤሌክትሪክ ጅረት ለብዙ ቀን ብንሰድበት ከገባው ኃይል የሚበልጥ ሙቀት ወጣ፤ ትርፉም በኬሚስትሪ ብቻ የሚገለጽ አይደለም አሉ። ፀሐይ በሆዷ በሚሊዮን በሚቈጠር ዲግሪ የምትሠራውን ሥራ በጠረጴዛ ላይ በብርጭቆ ሠራነው ማለታቸው ነበር። ፍላይሽማን ተራ ሰው አልነበረም፤ የእንግሊዝ የሮያል ሶሳይቲ አባል ነበር። ጥፋታቸው ግን እዚያው ላይ ጀመረ። ጽሑፋቸው ታትሞ ሌሎች ሊቃውንት ሳያነቡት ለጋዜጣ ነገሩት። ሙከራውን ለመድገም የተነሡ ላቦራቶሪዎች የመሣሪያውን ዝርዝር ከቴሌቪዥን ሥዕልና በፋክስ ከሚዘዋወር ወረቀት ለመገመት ተገደዱ። ያቀረቡት የኒውትሮን ማስረጃም ሲመረመር ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ደግሞስ የተባለው ሙቀት ሁሉ ከታወቀው የዴውቴሪየም ውህደት የመጣ ቢሆን ኖሮ፣ የሚወጣው ኒውትሮን በክፍሉ ውስጥ የነበሩትን ሰዎች በገደለ ነበር፤ እነርሱ ግን በደኅና ቆመው ፎቶግራፍ ተነሡ።

የካልቴክ፣ የኤም.አይ.ቲ. እና የእንግሊዙ የሃርዌል ላቦራቶሪ ሰዎች ሞክረው አላገኘንም አሉ። ለእነዚህ ሰዎች ክብር ይገባቸዋል፤ ቢያንስ ሞክረዋል። በኖቬምበር 1989 የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ያቋቋመው ጉባኤ ማስረጃው አያሳምንም፤ ልዩ ገንዘብም አይመደብለት ብሎ ወሰነ። ነገር ግን ይኸው ጉባኤ በሥርዓት ለታቀዱና በትብብር ለሚሠሩ ሙከራዎች መጠነኛ ድጋፍ ቢሰጥ እንደማይቃወም ጽፏል፤ ይህችን ቃል በሻይ ቤት ክርክር ሲጠቅሳት የሰማሁት ሰው የለም። መሥሪያ ቤቱ በ2004 ጉዳዩን እንደገና አስመርምሮ ከዚያ ብዙም ያልራቀ ውሳኔ አገኘ። እንግዲህ ቀባሪ የሚባሉት ሰዎች እንኳ መቃብሩን በሲሚንቶ አልደፈኑትም። የደፈንነው እኛው ነን፤ ቀብሩ ላይ ያልቆምነው።

ለመሆኑ ሙቀትን መለካት ምን ያህል ከባድ ነው? ጀማሪ ተማሪ ቴርሞሜትር መንከር ይመስለዋል። 10 ዋት አስገብቼ 10.3 ዋት ወጣ ብል 0.3 ዋት ትርፍ አለኝ፤ መለኪያዬ በ0.4 ዋት የሚሳሳት ከሆነ ግን ባዶ እጄን ነኝ። በዚያ ላይ ጅረቱ ውሃውን ሲሰነጥቀው የሚወጣው ጋዝ ኃይል ይዞ ይሄዳል፤ በከባድ ውሃ ለእያንዳንዱ አምፔር 1.53 ዋት ያህል ነው። ተመራማሪው ይህ ኃይል ከዕቃው ወጥቷል ብሎ በሒሳቡ ሲይዝ፣ ጋዙ ግን እዚያው ውስጥ ተመልሶ ተዋሕዶ ውሃ ሆኖ ከሆነ፣ አንዱን ሙቀት ሁለት ጊዜ ቈጥሮታል፤ ያልነበረ ትርፍ ይወለዳል። ፈሳሹ በደንብ ካልተማሰለ ደግሞ ቴርሞሜትሩ የቆመበት ስፍራ ከሌላው ሊሞቅ ይችላል፤ የካልቴኩ ናታን ሉዊስ በዩታዎቹ ላይ ካነሣቸው ነቀፋዎች አንዱ ይኸው ነበር። በሌላ በኩል ማይክል ማክኩብሬ የሚባለው ተመራማሪ በካሊፎርኒያ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቶ እንዲህ አለ፦ ፓላዲየሙ ዴውቴሪየሙን ጠጥቶ እስኪጠግብ፣ ማለት ለ10 የፓላዲየም አቶም 9 ያህል ዴውቴሪየም እስኪገባለት ድረስ ምንም አይታይም፤ ፈጥነው ሞክረው ፈጥነው የተዉት ሰዎች እዚያ ደረጃ አልደረሱም። ይህ ቃል ወይ እውነት ነው፤ ወይ ማምለጫ ነው። የትኛው እንደሆነ በሻይ ቤት ክርክር የሚታወቅ ነገር አይደለም።

ለዚህም ነው የ2019ኙን ሥራ የማደንቀው። ጉግል ከ2015 ጀምሮ ገንዘብ መድቦ ከብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተውጣጡ 30 ያህል ተመራማሪዎች ነገሩን በጸጥታ እንደገና እንዲሞክሩት አደረገ። ውጤታቸውን በ«ኔቸር» መጽሔት አሳተሙ፤ ትርፍ ሙቀት የሚባለውን አላገኘንም አሉ። ነገር ግን የሚፈለገውን ያህል የጠገበ ፓላዲየም ማዘጋጀት እጅግ አስቸጋሪ መሆኑን ደብቀው አላለፉም፤ ከፊተኛው የተሻለ ካሎሪሜትርም ሠርተው ለሌሎች አስተላለፉ። ስለዚህ ማንም አልሳቀባቸውም። በ2023 የአሜሪካ መንግሥት ለ8 ቡድኖች 10 ሚሊዮን ዶላር መደበ። በኦገስት 2025 ደግሞ ከነዚያው ተመራማሪዎች አንዱ የሆነው ከርቲስ በርሊንጌት ከባልደረቦቹ ጋር በካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ ፓላዲየምን በኤሌክትሮኬሚስትሪ በዴውቴሪየም ሲያጠግቡት በጨረር የሚቀሰቀሰው ውህደት በ15 በመቶ ያህል እንደጨመረ በዚያው መጽሔት አወጡ። ይህ የእነ ፍላይሽማን ሙቀት ተገኘ ማለት አይደለም፤ የለኩት ኒውትሮን እንጂ ትርፍ ሙቀት አይደለም፤ መሣሪያው የሚበላውም ኃይል ከሚሰጠው እጅግ ይበልጣል። ትንሽ ነገር ናት፤ ነገር ግን እውነተኛ ናት፤ እንደኛ ብርጭቆ አስቀምጠው ቢስቁ ኖሮ አያገኟትም ነበር።

«ይህ የፈረንጅ ጠብ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ለዚህ ሰው በዚያው በ1989 የሆነ ሌላ ነገር ላስታውሰው። በዚያ ዓመት ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በእንዶድ ሥራቸው በስዊድን የሚሰጠውን «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለ ሽልማት አገኙ። ጉዳዩ የኃይል ሳይሆን የቀንድ አውጣ ነው፤ ለክርክሬ ግን የሚያስፈልገኝ እርሱ ነው። በ1964 አክሊሉ በዓድዋ የቢልሃርዚያን ነገር ሲያጠና ሴቶች በወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አየ፤ ከእነርሱ በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተኝተው ነበር። ቢልሃርዚያ በቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፍ በሽታ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ በ1966 በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ከ1969 እስከ 1974 ድረስም በዓድዋ በተደረገው ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል የሚያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ።

ታዲያ ዓለም እልል አለ? አላለም። ገንዘቡንና ፈቃዱን የያዙት የውጭ ድርጅቶች በአፍሪካ ላቦራቶሪ የወጣውን ቁጥር በቂ ነው ብለው ለመቀበል ብዙ ዓመት ፈጀባቸው፤ መርዛማነቱ እነርሱ ባወጡት ደንብ፣ እነርሱ ባወቁት ላቦራቶሪ ይፈተሽ አሉ። ጥያቄው በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ሕዝብ በሚጠጣው ወንዝ የሚጨመር ነገር መፈተሽ አለበት። ጥፋቱ «ይፈተሽ» ያሉት ሰዎች ራሳቸው ሊፈትሹት አለመቸኮላቸው ነው። እነርሱ ሲያንቀላፉ ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት መጣና የዓለም ፊት ወደዚያ ዞረ። ከ1990 ወዲህ ግን በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚዘጋ ባለ ቅርፊት ፍጥረት በተስፋፋ ጊዜ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ ተሞከረበት፤ ሠራም፤ ዩኒቨርሲቲውም ፓተንት አወጣበት። የገዛ ቧንቧ ሲዘጋ የማወቅ ጉጉት እንዴት እንደሚነቃ ተመልከቱ!

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ አንድ ቤት ነው። የእንዶድን ገዳይ ንጥረ ነገር፣ በአክሊሉ ስም ለማቶክሲን የተባለውን፣ ለመለየት ሥራው የተሠራው በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ነው። ማክኩብሬ ቀዝቃዛውን ውህደት ለዓመታት የመረመረውም በዚያው ቤት ነው፤ ስሙን ኤስ.አር.አይ. ብሎ ካሳጠረ በኋላ። አንዱ ቤት ለሁለቱም ተጠርጣሪዎች በሩን ከፈተ። አንደኛው ጸና፤ ሁለተኛው እስከ ዛሬ አልጸናም። ቤቱ ግን በሁለተኛው ምክንያት አልፈረሰም፤ አልተዋረደም።

አሁን ደግሞ ፊቴን ወደ አማኞቹ ላዙር፤ በተማሪው መካከል ጥቂቶች አይደሉምና። ወንድሞቼ፣ እንዶድ እውነት ስለሆነ የእናንተም እውነት ነው አይባልም። እንዶድን የያዘ ሰው ሁሉ፣ በዓድዋም ሆነ በኦሃዮ፣ ቀንድ አውጣውን ገድሏል፤ ልዩ እጅ ወይም ልዩ ቀን አላስፈለገውም። እናንተ ግን ሙከራው በከሸፈ ቊጥር «ፓላዲየሙ መጥፎ ነበር፣ ትዕግሥት አልነበራቸውም፣ የነዳጅ ኩባንያዎች ሸፍነውት ነው» ትላላችሁ። ተጠራጣሪን በስድብ የሚያሳምን ሰው አላየሁም፤ ስድብ ካሎሪሜትር አያስተካክልም። በ2011 በጣሊያን በቦሎኛ አንድሬያ ሮሲ የተባለው ሰው ኒኬልና ሃይድሮጂን ይዞ «ኢ-ካት» የሚባል ማሞቂያ አሳየ። በውስጡ ያለው ነገር ምሥጢር ነው አለ። ኃይሉንም ያሰላው የገባው ውሃ በሙሉ ደረቅ እንፋሎት ሆኖ ወጥቷል በሚል ግምት ነበር፤ ያልተነነ ውሃ አብሮ ከወጣ ሒሳቡ እንዳለ ይፈርሳል። በ2016 ከገንዘብ ሰጪዎቹ ጋር ፍርድ ቤት ቆመ፤ በ2017 ተስማምተው ተለያዩ፤ ዓለም እስከ አሁን ማሞቂያውን አላየም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይህ ነው። እኛ ስለ እንፋሎት በቀላሉ መሞኘት የለብንም፤ ውሃ እዚህ ቆላ በ96 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ፣ ጨንቻ ስንወጣ ደግሞ ወደ 91 ዲግሪ እንደሚወርድ በድስታችን የምናውቅ ሰዎች ነን።

መምህሩም አማኙም በየፊናቸው ሲሳሳቱ የሚደርሰውን ጉዳት አንድ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። ሌላ ከተማ ስማር አንድ ወጣት ያለ ነዳጅ ራሱን የሚያዞር ጄኔሬተር ሠራሁ ብሎ በጋሪ ጭኖ ወደ አንድ ተቋም መጣ። የሚያነጋግሩት ሰዎች ከበር ላይ ሳቁበትና «የኃይል ጥበቃ ሕግ አልተማርክም?» ብለው መለሱት። ሕጉ ልክ ነው፤ ሰዎቹም ልክ ነበሩ። ነገር ግን ባትሪውን አውጥተው፣ አምፑሉን አስረው፣ ግማሽ ሰዓት ቆመው ቢያዩለት ኖሮ ጎማው በፊቱ ይቆም ነበር፤ እርሱም በገዛ ዓይኑ ይማር ነበር። ሳይለኩለት ስለመለሱት ግን ሊቃውንት ቀኑብኝ ብሎ ሄደ። የሰፈሩ ሰዎችም አመኑት፤ ዕቁባቸውን አፍርሰው ገንዘብ አዋጡለት። ገንዘቡ የት እንደደረሰ መናገር አያስፈልገኝም።

«ታዲያ የመጣውን ሁሉ ስንፈትሽ መቼ ልናስተምር ነው?» ትሉኛላችሁ፣ መምህሮቼ። ይህ ከክርክራችሁ ሁሉ ጠንካራው ነው፤ አልሸሸውም። መልሴ፣ የፈተናው ዋጋ በነገሩ ልክ ይሁን ነው። ራሱን ለሚያዞር ጎማ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሣጥኑን አልከፍትም ላለ ሰው አንድ ደቂቃም አይገባውም። አሠራሩን ጽፎ ላሳተመ፣ ቁጥሩን ለገለጸ፣ በልዩ ልዩ አገር ያሉ መሣሪያ የሚያውቁ ሰዎችም አየን ለሚሉት ነገር ግን አንድ ክፍልና አንድ ዓመት ቢሰጥ ዩኒቨርሲቲ አይከስርም።

ደግሞስ ይህ ሥራ ከሚያስተምረን ጥበብ የበለጠ በጋሞ ምድር ምን ያስፈልጋል? ጠዋት ከሲቀላ ወደ ምንጮቹ በሚወስደው መንገድ የወረደ ሰው፣ ከነጭ ሳር ደን እንጨት ተሸክመው ጎብጠው የሚመጡትን ሴቶች አይቷል። ከአርባው ምንጮች በላይ የቆመው ደን በእነዚያ ሸክሞች እየሳሳ ነው። ሴቶቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ ማታ ድስት የሚጣደው ግን በምን ላይ ነው? እንጨት ቆጣቢ ምድጃ መጣልን ይባላል። ስንት ይቆጥባል? «ምርት» የተባለው የእንጀራ ምድጃ እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል ተብሎ ነበር፤ በከፋ በቤተ ሰብ ውስጥ የተለካው 40 በመቶ ያህል ሆነ፤ በሌላ የአገራችን የማብሰል ሙከራ ደግሞ ከ22 እስከ 31 በመቶ ወጣ። በ2024 «ኔቸር ሰስቴነቢሊቲ» በተባለው መጽሔት የወጣ ምርመራ በልዩ ልዩ አገር በምድጃ ስም የተሸጠው የካርቦን ሒሳብ ከእውነተኛው 9.2 ጊዜ ያህል ተጋኖ እንደነበር አሳየ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ እንጨት ይቆጥብ እንደሆነ ግን በሚዛን እንጂ በተረት አይፈታም። በእንጀራ ምጣድ የተለካ ቁጥር ለጨንቻ ቆጮ ይሠራል ያለንስ ማነው? ይህን የሚለካ ሰው ያስፈልገናል። የዋትን መቶኛ ክፍል የለካ፣ ስሕተቱንም አብሮ የጻፈ ተማሪ፣ የምድጃ ሻጭ ወረቀት ይዞ ሲመጣ አይሞኝም።

የሙከራውን ችግር አቃልዬ አልናገርም። ፓላዲየም ውድ ነው፤ ሽቦው ግን ክር ያህል ቀጭን ቢሆን ይበቃል። ከባድ ውሃም በሊትር ሳይሆን በስኒ ይለካ። ከሁሉ የሚከፋው መብራት ነው። ፓላዲየሙ እስኪጠግብ ብዙ ቀን ይወስዳል፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ጅረቱ ይቆማል፤ የተጠጣው ዴውቴሪየም መውጣት ይጀምራል፤ የሳምንት ሥራ በአንድ ሌሊት ይበላሻል። ስለዚህ ሙከራው ከመነሻው በባትሪና በፀሐይ ሰሌዳ ይሂድ፤ ፀሐይ እንደሆነ አርባ ምንጭን ነፍጓት አያውቅም። የቀኑ ሙቀትና የሌሊቱ ቅዝቃዜም ልኩን እንዳያዛባው ካሎሪሜትሩ በትልቅ የውሃ መታጠቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ሃይድሮጂንና ኦክሲጅን በአንድ ተዘግተው እንዳይከማቹም ጥብቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በ1992 በዚያ በኤስ.አር.አይ. ቤት አንድ የሙከራ ዕቃ ፈንድቶ ተመራማሪ ገድሏል። ይህን የማያከብር ተማሪ ወደ ክፍሉ ባይገባ ይሻላል።

አሁን የምጠይቀውን በግልጽ ልናገር። በጋሞ ዱቡሻ ላይ ከሳሽም ተከሳሽም ሳይሰማ ሽማግሌ አይፈርድም። እኛም እንዲሁ እናድርግ። የሙከራውን ዕቅድ የሚያወጣው ከሁሉ ይልቅ የማያምነው መምህር ይሁን። ማንም ጅረት ከመክፈቱ በፊት «እኔን የሚያሳምነኝ ይህን ያህል ዋት፣ ይህን ያህል ቀን፣ በዚህ ስሕተት ልክ ሲታይ ነው» ብሎ በወረቀት ይጻፍ። አማኙም «ይህ ካልታየ ተሳስቻለሁ» ብሎ የራሱን ይጻፍ። ከዚያ አራት ዕቃ ይዘጋጅ፤ በሁለቱ ከባድ ውሃ፣ በሁለቱ ተራ ውሃ። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ከኬሚስትሪ የሚመረጥ አንድ ሦስተኛ ሰው ብቻ ይሁን፤ የሚለኩት ሰዎች አይወቁ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ኃይሉ በትክክል የታወቀ ተራ የማሞቂያ ሽቦ በዕቃዎቹ ውስጥ ገብቶ ካሎሪሜትሩ ይፈተን፤ ይህ ብቻ አንድ ሰሚስተር ቢወስድ አልገረምም። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ ባዶም ቢሆን፣ ስሕተቱ ሁሉ ተዘርዝሮ ይታተም። ባዶ ውጤት አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ባዶ መዝገብ ነው።

ሻይ የጠጣንባቸውን መምህር ትናንት አገኘኋቸውና ይህን ሁሉ ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። በመጨረሻም «የጋዙን መመለስ በምን ትለካለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። የሚወጣውን ጋዝ በተገለበጠ ቱቦ ሰብስቤ መጠኑን ከጅረቱ ሒሳብ ጋር አስተያያለሁ አልሁ። «አይበቃም፤ ሙቀቱና የአየሩ ግፊት አብሮ መመዝገብ አለበት፤ የእኛ አየር እኮ ቀጭን ነው» አሉና ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው በናፕኪን ላይ ይሥሉልኝ ጀመር። ሥዕሉ ከእኔው ይሻላል፤ ናፕኪኑንም አስቀምጬዋለሁ።

በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር አጠገብ የካርቶን ሣጥን ተሰቅሏል። የሚያምንም የማያምንም ዋቱን፣ ቀኑንና ስሙን ጽፎ፣ በፖስታ አሽጎ ይጨምር፤ እስከ ወሩ መጨረሻ አይከፈትም። የመጀመሪያው ፖስታ የእኔ ነው፤ «አይሞቅም» ይላል።

አንድ የፊዚክስ ተማሪ
ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ